አባቴ ሰመራ ላይ ያሳደጋቸው ጫጩቶች

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ቤት ውስጥ እሳት ማንደድ አቆመ። ይህን የነገሩኝ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያሉት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጠዋት ሻይ ቤት ገብቶ ዳቦ በሻይ ይቀምሳል፣ ከዚያ ድሮ የሠራበት ባቡር ጣቢያ ሄዶ ግንብ ላይ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ይገባል፤ በቃ። «ሰውየው እያለቀ ነው፣ ነይና ውሰጂው» አሉኝ። ብቸኛ ልጁ እኔ ነኝ። ያኔ ሰመራ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ስለ እንስሳት መኖ አስተምር ነበር። ቤት አለኝ፣ ባል የለኝም፤ አባቴን የማላመጣበት ምክንያት አልታየኝም። ሄጄ ልብሱን በሻንጣ አጣጠፍኩ፣ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት አደራ ሰጠሁና አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀመጥኩት።

መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ገዋኔን አለፍን፤ ሚሌ ላይ ለምሳ ስንወርድ እሱ ውኃ ብቻ ጠጣ። ሎጊያን አልፈን ሰመራ ስንደርስ፣ ከአውቶቡሱ እንደወረድን ትኩሱ ነፋስ ኮፍያውን ሊወስድበት ነበር። በእጁ ይዞት ዙሪያውን ተመለከተ።

«ዛፉ የታለ?» አለኝ።

እኔም መጀመሪያ ስመጣ የጠየቅሁት ያንኑ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን የባቡር ሰው ሆኖ ነው የኖረው። አዋሽ ጣቢያ ባቡር ሲገባና ሲወጣ ሐዲድ የሚቀይረው እሱ ነበር። የምንኖረው እዚያው ጣቢያው አጠገብ፣ የኒም ዛፎች ጥላ በሚያርፍበት ቤት ውስጥ ነበር። እናቴ ዶሮ ታረባ ነበር። እንቁላሉን ቀቅላ፣ ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ባቡር ሲቆም በመስኮት ለተሳፋሪ ታቀብላለች። ዶሮዎቿም ባቡር የሚመጣበትን ሰዓት ከሰው እኩል ያውቁት ነበር። እህል የጫነ ፉርጎ ሲቆም ከሥሩ ገብተው የፈሰሰውን ማሽላ ይለቅማሉ፤ ጡሩምባው ሲነፋ ተንጫጭተው ይወጣሉ። አባቴ «ዶሮዎችሽ አንድ ቀን ድሬዳዋ ይሄዳሉ» እያለ ይስቅባት ነበር። የድሮው ባቡር ቆሞ አዲሱ በሌላ ሐዲድ ማለፍ ሲጀምር ያ ሁሉ ግርግር ቀረ። ዶሮዎቹ ግን እናቴ እስክትታመም ድረስ ነበሩ።

ሰመራ ላይ አባቴ በረንዳውን ያዘ። ጠዋት ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ስትደርስበት ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ ቀትር ላይ ይገባል። ከሥራ ስመለስ ያስቀመጥኩለት ምሳ እንደተከደነ ነው። «አልራበኝም» ይለኛል። ገበያ እንሂድ ስለው እግሩን ያመዋል፣ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስለው ነገ ይላል። እየከሳ ሲሄድ ቆሞ ማየት ከባድ ነው። እኔ እንደሆነ ሙያዬ ማብላት ነው። ለከብቱም ለፍየሉም ለዶሮውም ምን እንደሚበጅ አስተምራለሁ፤ አባቴን ግን ማብላት አቃተኝ።

ከአጠገባችን የምትኖር አንዲት የወሎ ሴት ነበረች፤ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ዋናው መንገድ ዳር ለሾፌሮች ቁርስና ምሳ የምትሸጥበት ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ አልፎ አልፎ ነው ቤት የሚያድረው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ሁልጊዜ በራችን ላይ ቆማ አባቴን ሰላም ትለው ነበር።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ?»

«ይመስገን።»

«ዛሬስ ማንን እየጠበቁ ነው? ባቡሩ እንደሆነ በዚህ አያልፍም፣ ወላሂ!»

አይስቅላትም። እሷም አትቀየመውም፤ በነጋታው ደግሞ ሌላ ነገር ይዛ ትመጣለች።

ነሐሴ ላይ ለተማሪዎች ልምምድ ተብሎ ከደብረ ዘይት የአንድ ቀን ጫጩቶች መጡልን። ከሚያስፈልገው በላይ ስለነበሩ የተረፉትን ለሠራተኛው አከፋፈሉ። የደረሱኝን ጎኑ በተበሳ ካርቶን ይዤ ገባሁና አባቴ እግር ሥር አስቀመጥኳቸው።

«ምንድነው?»

«ጫጩት ነው አባዬ።»

«እናታቸውስ?»

«የላቸውም። በማሽን ነው የተፈለፈሉት።»

«በማሽን» አለና ፊቱን አዞረ።

እኔም ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስለነበረኝ ትቻቸው ወጣሁ። ስመለስ ካርቶኑ ቦታው ላይ የለም። ጓሮ ዞሬ ሳይ አባቴ ግድግዳና ግድግዳ በሚገናኙበት ጥግ፣ በጥላው በኩል፣ ጆንያ በውኃ ነክሮ እንደ መጋረጃ ሰቅሏል። በደጋ አገር ጫጩት ሲመጣ የሚታሰበው ሙቀት ነው፤ አምፖል ይበራል፣ ከሰል ይነዳል። ሰመራ ላይ የሚገድላቸው ሙቀቱ ነው። ይህን ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። ተንበርክኮ አንድ አንዷን ጫጩት እያነሣ ምንቃሯን ውኃ ውስጥ ነከር፣ ቀና ያደርጋል። እስክትውጥ ይጠብቅና አስቀምጧት ሌላዋን ያነሣል።

«እንዲህ ካላደረግሽ መጠጣት አያውቁም። እናትሽ እንዲህ ነበር የምታስተምራቸው» አለኝ ቀና ሳይል።

ስለ እናቴ ሲናገር ከቀብሯ ወዲህ መስማቴ ነበር። ውኃውን ያዝኩለት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ወሬ ተጀመረ። ወሬው በሙሉ የጫጩት ነው፤ ይሁን፣ ወሬ ነው። ኮሌጅ ሆኜ ይደውልልኛል። «አንዷ ክንፏን ጥላለች፣ ምን ትያለሽ?» ይለኛል። የፋብሪካ መኖ ገዝቼ አምጥቼ ስለነበር እየሰፈረ ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ሲበሉ እሱም አጠገባቸው ተቀምጦ ይበላል። ምሳውን ይዞ ጓሮ መውጣቱን ጎረቤታችን ናት በአጥር አሻግራ አይታ የነገረችኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ አባባ ከጫጩቶቹ ጋር በአንድ መሶብ ቀረቡ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ዕንባዬ መጣ።

መስከረም ላይ ተማሪዎቼን ይዤ ለመስክ ልምምድ አሳይታ ወረድኩ። ጥቂት ሳምንት መቆየቴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አባቴ በስልክ ስለ እያንዳንዷ ጫጩት ይነግረኝ ነበር። ቆይቶ ግን ስለ ጫጩቶቹ ስጠይቀው ስለ ነፋሱ ያወራኛል። «ደህና ናቸው?» ስለው፣ «አሉ» ይላል። «አሉ» የሚለው ቃል አላማረኝም።

ስመለስ ጓሮ ገብቼ ያየሁት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ትቻቸው የሄድኩ ጊዜ ሲላፉ የነበሩት ጫጩቶች ያው ናቸው፤ ምንም አላደጉም ማለት ይቻላል። ላባቸው ተንጨብርሯል፣ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ቀብረው ቆመዋል። የሞቱም ነበሩ። ኮሌጅ የቀሩት፣ አብረው የተፈለፈሉት እህቶቻቸው፣ ያን ጊዜ እጥፍ ሆነዋል። አባቴ በረንዳው ላይ፣ የድሮ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እኔ እንጃ። የእኔ እጅ ነው» አለ።

«እንዴት የአንተ እጅ?»

«እጅ አለ ልጄ። አንዳንድ ሰው የነካው ያድጋል። የእናትሽ እጅ እንደዚያ ነበር። እኔ ሐዲድ ነው የማውቀው። እነሱም አውቀውታል፤ የሚያሳድጋቸው እጅ አፈር ገብቷል።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የማውቀውን ጥያቄ ጠየቅሁት።

«ምን ነበር የሚበሉት?»

ነገሩን የነገረችኝ በኋላ ጎረቤታችን ናት፤ እሱ ቆራርጦ ነው የተናገረው። እኔ በሄድኩ በሳምንቱ የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ከመሃል አገር የሚመጣው መኖ ሲያልቅ የሚተካው ጠፋ። አባቴ የጎረቤታችንን ምክር ጠየቀ፤ እሷም ደንበኞቿን ጠያየቀችለት። ዱብቲ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ እንደሚገኝ ሰማ፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ደረቅ ቅሪት መሆኑ ነው። ከብት አርቢው ሁሉ ለላሞቹ ይገዛዋል፣ ወተት ያበዛል ይባላል፣ እውነትም ያበዛል። ከቤት ወጥቶ ገበያ እንኳ የማይሄደው አባቴ በሚኒባስ ተሳፍሮ ዱብቲ ሄደ። አንድ ከረጢት ተሸክሞ መጣ፤ ወቅጦ፣ ነፍቶ፣ ከበቆሎ ጋር አደባልቆ ሰጣቸው። ጫጩቶቹ እምቢ ሲሉ ደግሞ እህል እንዳይጠሉ ብሎ በቆሎውን ጨመረላቸው። ያሰበው ስመጣ ሊያስገርመኝ ነበር።

«ከረጢቱ የታለ?» አልኩት።

ከወንበሩ ሥር ጎትቶ አወጣው። ከፋጉሎው ውስጥ በደንብ ያልተጨመቀ አንድ ሙሉ ፍሬ ፈልጌ አገኘሁ፣ በምላጭ ለሁለት ከፈልኩት። መነጽሩን አድርጎ እንዲያይ ወደ ብርሃኑ ያዝኩለት።

«እነዚህ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣቦች ይታዩሃል?»

«ትንኝ የመሰሉት?»

«አዎ። ጎሲፖል የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ጥጡ ራሱ የሚሠራው ነው። ትልና ነፍሳት ፍሬውን እንዳይበሉበት መከላከያው ነው።»

«ከብቱ ይበላው የለ?»

«የላም ሆድ ሌላ ነው። ታመነዥካለች፣ እዚያ ሆዷ ውስጥ አስራ ታከሽፈዋለች። ጫጩት ይህ የላትም። ትንሽ ትንሽ እየበላች በሄደች ቁጥር ምግቡ ሥጋ አይሆናትም፣ አፏም ይዘጋል። ማንም ይስጣት ማን፣ እናቴም ብትሰጣት ያው ነው።»

መነጽሩን አውልቆ ፍሬዋን መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

«ለካ ይህም እናት ነው» አለ። «ለልጁ አጥር ሠርቶለት ነው።»

«እንደዚያ በለው።»

«እና እኛ አጥሩን ሰብረን ገባንበት።» ከዚያ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሳል መስሎኝ ዞር ስል እየሳቀ ነበር። እንደ ድሮው አይደለም፣ ትንሽ፣ ግን ሳቅ ነው። ከረጢቱን አንሥቶ ለጎረቤታችን ሰጣት፤ እሷም በማግሥቱ በጎች ላሉት ደንበኛዋ ሰጠችው።

ፋጉሎውን ካቆምን በኋላ ቀስ በቀስ ጫጩቶቹ አንገታቸውን አወጡ። መንገዱም ተከፈተ። የጎረቤታችን ባል ከኮምቦልቻ ሲመለስ የኑግ ፋጉሎ ጫነልን፤ ኑግ እንደ ጥጥ አይደለም፣ ለዶሮ ይስማማል። ከምግብ ቤቷ የተረፈ የምስር ክክና የዳቦ ፍርፋሪም በየቀኑ ይደርሳቸዋል። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ የሚበሉትን ሁሉ መጠርጠር ጀመረ። ቅጠል ባየ ቁጥር፣ «ይህስ ለራሱ ምን ደብቋል?» ይለኛል። ይህ የእኔ ሙያ ነው፤ ደስ ብሎኝ እነግረዋለሁ። ባቄላ ጥሬውን ከሆነ ለምን እንደማያሳድግ፣ ሲቀቀል ደግሞ ለምን እንደሚሻለው፣ ማሽላው ቀይ ሲሆን ለምን ወፍ እንደማይደፍረው፤ ሁሉንም በረንዳው ላይ ራት እየበላን አወራነው። ልጅ እያለሁ ስለ ሐዲድ ይነግረኝ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ወሬ ነበር።

አንድ ቀን፣ «ታዲያ ክፉውን ብቻ ነው የሚደብቁት? ጥሩ ነገር የደበቀ የለም?» አለኝ።

«አለ። ሽፈራው አለልህ።»

ኮሌጁ ግቢ ውስጥ በውኃ የሚያድጉ የሽፈራው ዛፎች ነበሩ። በማግሥቱ እኔ ሳላውቅ አባቴ አጥር አሻግሮ ጎረቤታችንን፣ «ልጄ፣ ወደ ኮሌጁ የምትሄጂ ከሆነ ሽፈራውን ይዘሽልኝ ነይ» አላት።

«እሺ አባባ። ስልኩን ይስጡኝና ልደውልለት።»

«የምን ስልክ?»

«የሽፈራው ነዋ! ኮሌጁ ሰፊ ነው፣ የት አገኘዋለሁ?»

አባቴ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግድግዳውን ተደግፎ ነበር የሚስቀው፤ እሷም ዛፍ መሆኑን ስታውቅ መንገድ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ «ሽፈራው መጣልዎት» እያለች ነበር ቅጠሉን የምታቀብለው።

ቅጠሉን በጥላ አደረቅነው፤ ሰመራ ላይ ለማድረቅ ጊዜ አይወስድም። አድቅቆ መኖው ላይ ሲነሰንስ ጫጩቶቹ ወደዱት፣ ላባቸው ማብረቅረቅ ጀመረ። አባቴ ይህን ሲያይ እጁ ተፈታ። አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ሆነ፣ መኖው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ጫጩቶቹ እየመረጡ መብላት ጀመሩ፣ ማደጋቸውም ቀዘቀዘ።

«ይኸውና!» አለ። «ይህም ክፉ ነው እኮ!»

«ክፉ አይደለም። በዛ። ቅጠሉ የሚያፍን ምሬት አለው፤ ትንሽ ሲሆን ጥቅሙ ይበልጣል፣ ሲበዛ አፍን ያስራል።»

«ስንት ነው ትንሽ?»

«ለክተን እንየው» አልኩት፤ እኔ ለቀልድ ነበር፣ እሱ ግን ቀልድ አላደረገውም።

ጓሮውን በቆርቆሮ ቁራጭ ለሦስት ከፈለው። በአንደኛው ያሉት ጫጩቶች ሽፈራው ከመኖ ጋር በልክ፣ በሁለተኛው ያሉት መኖ ብቻ ያገኛሉ። ሦስተኛውን እሱ ራሱ ነው የፈጠረው። «እናትሽ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ውኃቸው ውስጥ ታደርግ ነበር» አለኝ። ነጭ ሽንኩርት የጫጩትን ሆድ እንደሚያጠራ፣ የምግብ ፍላጎታቸውንም እንደሚከፍት እኔም አስተምራለሁ፤ እናቴ ታደርገው እንደነበር ግን አላስታውስም ነበር። እሱ ሲነግረኝ ነው ሽታው የመጣልኝ፤ ጣቢያው ጓሮ፣ ከኒሙ ሥር፣ የተሰነጠቀው የሸክላ ገበቴ፣ እናቴ እጇን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ምግብ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ ጎረቤታችን የሽንኩርት ሚዛኗን ይዛ ትመጣለች። ጫጩቶቹ በፌስታል ውስጥ ሆነው ይመዘናሉ። እሷ መኖ ብቻ ለሚበሉት ትወግናለች። «እንደ እኔ ናቸው፣ ምንም ሳይጨመርላቸው ያድጋሉ፣ ኢንሻአላህ ያሸንፋሉ» ትላለች። አባቴ ለነጭ ሽንኩርቶቹ ነው። እኔ ዳኛ ነኝ። ሚዛኑ ላይ ሲጨቃጨቁ የግቢው ሰው ይሰበሰባል፤ የኮሌጅ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ በመንገዳቸው ብቅ ይሉ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ ትልቅ አልነበረም። በልክ ሽፈራው ያገኙትና ነጭ ሽንኩርት የጠጡት ከሌሎቹ ትንሽ ከበድ ብለው ነበር፤ ግን በዚያች ቁጥር ጫጩት፣ በሽንኩርት ሚዛን፣ ምንም ማለት አይቻልም። ይህንን ነገርኩት።

«አይቻልም?» አለኝ።

«ሌላ ጊዜ በብዙ ጫጩት ቢደገም ነው።»

«አንቺ በመጽሐፍሽ ተናገሪ። እኔ በእጄ ይዤ አውቀዋለሁ፤ እነዚህ ይከብዳሉ» አለና አንዷን ቄብ ደረቱ ላይ አቀፋት። አልተከራከርኩትም።

መጋቢት ላይ ነው መጀመሪያ የጣሉት። የዚያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። አባቴ እንቁላሉን ከጎጆው አንሥቶ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። ገና ትኩስ ነበር፤ ትንሽ፣ ጫፉ ላይ የደም ጭረት ያለበት። መብላት አይችልም፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያየው ውሎ፣ ወደ ማግሪብ ሲቃረብ ቀቀለውና በሰሐን ይዞ ወደ ጎረቤታችን በር ሄደ።

«ለማፍጠሪያሽ ነው» አላት።

«ኧረ አባባ! የመጀመሪያውን? ለፋሲካዎ ያስቀምጡት እንጂ!»

«ለፋሲካ ሌላ ይጥላሉ። ይኸን አንቺ ብዪልኝ።»

አዛኑ ሲሰማ በተምር አፈጠረች፣ ቀጥላ እንቁላሉን ላጠችው። በሩ ላይ ቆሞ ነው የጠበቀው። ለሁለት ስትከፍለው አስኳሉ ቢጫ ብርቱካን መስሎ ነበር፤ ሽፈራው እንዲህ ያደርጋል። «ማሻአላህ» አለች፣ ከዚያ ጨው እንኳ ሳታስነካው በላችው። አባቴ ሰሐኑን ተቀብሎ ወደ ቤት ሲገባ ትከሻው ቀና ብሎ ነበር፤ እንደዚያ ሲራመድ የማውቀው ባቡር በሰላም አሳልፎ ሲመለስ ነው።

እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ሰመራን ለመደ፣ ከእኔ ጋር ይኖራል ብዬ አሰብኩ። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ምሳ እየበላን ሳለ፣ «አሁን ልሂድ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ቤቴ። አዋሽ።»

«እዚህ ምን ጎደለህ አባዬ?»

«ምንም። አጠገብሽ ነበርኩ፣ ደስ ብሎኛል። ያኔ ስታመጪኝ ቤቱን የማልችለው እሷ ስለሌለችበት ነበር። አሁን ግን የምሠራበት ነገር አለኝ። ጓሮው እዚያ ነው፣ ጥላውም እዚያ ነው። ለእነዚህ ይሻላቸዋል።» ዶሮዎቹን በአገጩ አሳየኝ። እነሱን ማለቱ ብቻ አልነበረም።

ሁለት ቀን ያህል ተኮራረፍን፤ እኔ ነበርኩ የኮረፍኩት። ከዚያ ረዳሁት። የአውቶቡሱ ረዳት ዶሮዎቹን ጣሪያ ላይ እንድናስቀምጥ ሲነግረን አባቴ፣ «ፀሐይ ይቀቅላቸዋል፣ ከወጡ እኔም ጣሪያ ላይ ነኝ» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ከእግራችን ሥር አደረግናቸው። ጎረቤታችን እስከ መናኸሪያው ሸኘችን፤ በፌስታል የደረቀ ቅጠል ይዛ መጥታ፣ «ሽፈራውን ረስተውት ሊሄዱ ነው?» አለችው። ስንነሣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

አዋሽ ላይ አባቴ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረ። በየበዓሉ እሄዳለሁ። በሩን ስከፍት የምሰማው የዶሮ ድምፅ ነው፣ ምድጃው ላይ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ተጥዷል። የሠፈሩ ሴቶች ጫጩት ሲገዙ እሱን ጠርተው ያማክሩታል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ የጥጥ ፋጉሎ በርካሽ ማግኘቷን ስትነግረው ሰማሁ። ከወንበሩ ተነሥቶ ስለ ጎሲፖል አስረዳት፤ «ጎሲፎል» ነበር የሚለው፣ አላረምኩትም። ያን ጊዜ የነበረው ፊቱ፣ የጓሮው ጥላ፣ ከሩቅ የአዲሱ ባቡር ድምፅ፣ አሁን ሰመራ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ የሚናፍቀኝ እሱ ነው። አባቴ ሰመራ የኖረው ከዓመት ያነሰ ጊዜ ነው። እኔ ግን ከእሱ ጋር በእውነት የኖርኩት ያኔ እንደሆነ ነው የሚሰማኝ፤ ልጅ እያለሁ እሱ ሐዲድ ላይ ነበር፣ ካደግሁ በኋላ ደግሞ እኔ አልነበርኩም።

ያረፈው በእንቅልፉ ነው። ጎረቤቶቹ ደውለውልኝ በማግሥቱ ደረስኩ። ድንኳኑ ተተክሎ ሰው ሞልቶ ነበር። ያቺ የሰመራ ጎረቤታችን ያን ጊዜ ምግብ ቤቱን ዘግታ ወደ ኮምቦልቻ ከተመለሰች ቆይታለች፤ በስልክ ነበር የምንገናኘው። የነገራት ማን እንደሆነ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሻንጣዋን እንደያዘች በሩን አልፋ ገባች፣ አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች። «አላህ ያጥናሽ፣ አብሽሪ፣ አብሽሪ እህቴ» አለችኝ። ከሴቶቹ መሃል ቦታ ለቀቁላት።

ጥቂት እንደተቀመጠች ጆሮዋን ወደ ጓሮው ጣል አደረገች። ዶሮዎቹ እየጮኹ ነበር። እኛ ለቅሶ ላይ ሆነን ማንም አላሰባቸውም። ቀስ ብላ ተነሣች፣ መኖው የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችኝ፣ ጫማዋን አውልቃ ወደ ጓሮ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ በቆሎውን በእፍኟ እየበተነች፣ ውኃ መጠጫቸውን አጥባ እየሞላች፣ በዝግታ ታናግራቸው ነበር። ተነሥቼ ሄድኩና አጠገቧ ቆምኩ። በልተው እስኪጨርሱ ሁለታችንም ወደ ውስጥ አልገባንም።